2,147,483,647፦ የ2030 ጥምቀት ጠዋትና የአንድ ቁጥር ጉዳይ

በቴሌግራም ግሩፖችና በቲክቶክ ደጋግሞ የሚመጣ ወሬ አለ። «በ2038 ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ሰከንድ ይቆማሉ፤ ባንክ ይዘጋል፣ ስልክ ይሞታል» ይላል። አንዳንዱ ላይ 2,147,483,647 የሚል ቁጥር «ምስጢራዊው ቁጥር» ተብሎ ተለጥፎበታል። ሌላው ደግሞ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልስና ጥር 11 ሆኖ ያገኘዋል። ጥምቀት መሆኑን ሲያይ ነገሩን በቀጥታ ወደ ትንቢት ይወስደዋል። ከሥር ክርክሩ ይጀመራል፤ ድሬዳዋና ሐረር ያሉ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎችም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይገቡበታል። «የፈረንጅ ወሬ ነው፣ እኛ የራሳችን ካላንደር ስላለን አይነካንም» የሚል አይጠፋም። «አይ፣ ሁሉም ነገር ያበቃለታል» የሚልም አለ።

ወሬው ውስጥ እውነት አለ። ግን እውነቱ ከብዙ ነገር ጋር ተደባልቋል። ይህ ቁጥር የታወቀው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንዱ የሒሳብ ነው፣ 250 ዓመት አልፎታል። ሌላው የኮምፒውተር ነው፣ እሱ ገና የቅርብ ጊዜ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማውራት ነው ግራ መጋባቱን ያመጣው፤ ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ

ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም የተለየ ነገር የለውም። አንድ ጨምሩበትና 2,147,483,648 ይሆናል። ይሄ ደግሞ 31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው፤ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያልን እያጠፍን ሄደን 31ኛው ላይ የምናገኘው። ስለዚህ የእኛ ቁጥር በአጭሩ 2³¹ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ከላይ በኩል ያለችው 31 አርቢ ትባላለች።

በዚህ መልክ የሚጻፉ ቁጥሮች የመርሴን ቁጥሮች ይባላሉ፤ ማሪን መርሴን በሚባል በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖረ ፈረንሳዊ መነኩሴ ስም ነው የተሰየሙት። መነኩሴውን ያስጨነቀው ጥያቄ ከእነዚህ ውስጥ ብቸኛ ቁጥር የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው የሚለው ነበር። ብቸኛ ቁጥር (ብዙዎች ፕራይም የሚሉት) ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የሌለው ማለት ነው። 7 ብቸኛ ነው። 15 አይደለም፤ 3 እና 5 ያካፍሉታል።

አርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ እንደማይሆን በቀላሉ ይረጋገጣል። ችግሩ ግን በተገላቢጦሽ አይሠራም። 11 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2,047 ነው፣ እሱም 23 ሲባዛ በ89 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ፈተናው ደግሞ ካልኩሌተር በሌለበት ዘመን ቀልድ አልነበረም። ጣሊያናዊው ፔትሮ ካታልዲ አርቢው 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31 እና 37 ሲሆን ውጤቱ ብቸኛ ነው ብሎ ነበር። 17፣ 19 እና 31 ላይ ልክ ነበር፤ በሌሎቹ ሦስቱ ተሳስቷል። መርሴንም እ.ኤ.አ. በ1644 ዝርዝር አወጣ። 31ን በትክክል አስገብቷል፤ ነገር ግን 67 እና 257ን በስህተት ጨምሮ 61፣ 89 እና 107ን ዘሏል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም፤ ሥራው ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ስለነበረ ነው።

ኦይለር ሥራውን እንዴት አሳጠረው

የ31ን ጉዳይ የዘጋው ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 በርኑሊ ለሚባል የሒሳብ ሊቅ በጻፈው ደብዳቤ 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አሳወቀ። በዚያ ጊዜ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር የሚኖረው፤ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ሒሳቡን ግን አላቆመም።

እንዴት እንዳደረገው ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ የነገሩ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ከሥር ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እየወሰዱ ማካፈል አያስፈልግም። ቁጥሩ ለሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢከፈል ኖሮ አንደኛው ከ46,341 ማነስ ነበረበት፤ ምክንያቱም 46,341 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን ያልፈዋል። ስለዚህ እስከ 46,340 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። እነሱም ከ4,700 በላይ ናቸው። በእጅ ማካፈል ነው እንግዲህ፤ ባለ 10 አኃዙን ቁጥር ለእያንዳንዳቸው።

ኦይለር ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ሳይነካ ጣለው። አርቢው ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን፣ የመርሴን ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለአርቢው እጥፍ ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ከላይ ያየነውን 2,047 እንውሰድ። አርቢው 11 ነው፣ እጥፉ 22። 23 ለ22 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 89 ለ22 ሲካፈልም 1 ይተርፋል። ሁለተኛ ደንብም አለ፦ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ወይ 1 ወይ 7 መትረፍ አለበት። 23 ላይ 7 ይተርፋል፣ 89 ላይ 1። ልክ ነው።

አሁን ወደ 31 እንመለስ። እጥፉ 62 ነው። ሁለቱን ደንቦች ስናጣምር የቁጥራችን አካፋይ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው መሆን አለበት፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ይሄ ማለት 3ን፣ 5ን፣ 7ን፣ 11ን መሞከር ቀረ። 101ንም፣ 307ንም። መሞከር ያለበት የመጀመሪያው ብቸኛ ቁጥር 311 ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ እስከ 1,303 ድረስ የለም! በዚህ መንገድ እስከ 46,340 ድረስ የሚቀሩት ተፈታኞች ቢበዛ 372 ናቸው፤ ከነሱም መካከል በትንንሽ ቁጥሮች የሚካፈሉት ሲወጡ ሥራው ይበልጥ ይቀንሳል። አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለውም። ቁጥሩ ብቸኛ ሆነ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም በዓለም ላይ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር።

ከዚህ ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ነገር አለ። ፍጹም ቁጥር የሚባል አለ፤ ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ማለት ነው። 6 እንዲህ ነው፦ 1 + 2 + 3። 28ም እንዲሁ። እያንዳንዱ ብቸኛ የመርሴን ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል፤ የእኛው የወለደው 2,305,843,008,139,952,128 ነው፣ በመጠን ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ጥቅም ስለሌለው ማንም አይደክምበትም ብሎ በማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ግን ኤድዋርድ ሉካስ የሚባል ፈረንሳዊ ባለ 39 አኃዝ የመርሴን ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በእጅ ሒሳብ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ደግሞ አርቢው 136,279,841 የሆነ ብቸኛ ቁጥር ተገኘ፤ አኃዞቹ ብቻ ከ41 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ለምን እዚህ ላይ ያቆማል?

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እያንዳንዷ 0 ወይም 1 የምትቀመጥባት ቦታ ቢት ትባላለች። ለረጅም ዘመን ለአንድ ሙሉ ቁጥር የሚሰጠው የተለመደ ስፋት 32 ቢት ነበር፤ ዛሬም በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ እንዲሁ ነው። ከ32ቱ አንዷ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው ወይስ በላይ የሚለውን ለመለየት ትያዛለች። 31 ይቀራሉ። 31ዱም ቦታዎች 1 ሲሆኑ የሚገኘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። በቃ፣ ምስጢሩ ይሄው ነው።

አንድ ሲጨመርበትስ? አሮጌ የውሃ ቆጣሪ 99999 ላይ ደርሶ ወደ 00000 እንደሚዞር፣ እዚህም 31ዱ አንዶች በሙሉ ወደ 0 ይዞራሉ፤ ልዩነቱ የተረፈችው 1 የትም አትጠፋም፣ ወደ 32ኛዋ ቦታ ትሻገራለች። የዚያች ቦታ ዋጋ ደግሞ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ነው። ስለዚህ ከትልቁ ቁጥር ላይ አንድ እርምጃ ስትወስዱ ከሁሉም ትንሹ ላይ ትወድቃላችሁ። ይህ መሞላትና ማለፍ ኦቨርፍሎው ይባላል።

ሁሉም ፕሮግራም ግን እንዲህ አያደርግም፤ ወሬው የሚስተው አንዱ ነገር ይሄ ነው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ልክ ከላይ እንዳልነው ይዞራል። በሲ ቋንቋ ምን መሆን እንዳለበት ደንቡ ራሱ አይወስንም። ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ቦታውን እያሰፋ ስለሚሄድ ሙሉ ቁጥሩ ምንም አይሆንም። ማይ ኤስ ኪው ኤል የሚባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማስቀመጫ) እንደ አቀማመጡ ወይ ቁጥሩን አልቀበልም ይላል፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ 2,147,483,647 ላይ ቆርጦ ያስቀምጠዋል። በብዙ ጌሞች ውስጥ ገንዘባችሁ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ አልጨምር የሚላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። በዓለም ደረጃ ብዙ ሰው የሰማው ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ነው፤ የአንድ ደቡብ ኮሪያዊ ዘፋኝ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ የተመልካቹ ብዛት ይህን ቁጥር ሲያልፍ። ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አስፍቶት ነበርና ምንም አልተበላሸም።

ብቸኛ መሆኑ ለኮምፒውተሩ ምን ያደርግለታል?

ለገደቡ ምንም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ «ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ኮምፒውተር ሊያልፈው አይችልም» የሚል አባባል በስፋት ይዞራልና። ሌሎቹን ገደቦች ተመልከቱ። በ16 ቢት ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው፤ እሱ 7 × 31 × 151 ነው፣ ብቸኛ አይደለም። በ64 ቢት ትልቁ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ እሱም ለ7 ይካፈላል፣ ለ73ም፣ ለ127ም። ሦስቱም ገደቦች የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው። የ32 ቢቱ ብቸኛ ሆኖ መገኘቱ 31 የምትባለው አርቢ ከዕድለኞቹ አንዷ ስለሆነች ብቻ ነው። ኮምፒውተር የሠሩት ሰዎች ቢቶቹን 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያሉ ሲያሰፉ የኦይለርን ደብዳቤ አላማከሩም።

ብቸኛነቱ በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ። ፕሮግራሞች በዘፈቀደ የወጡ የሚመስሉ ቁጥሮች ይፈልጋሉ፤ ለጌም፣ ለናሙና ጥናት፣ ለሙከራ። የታወቀ አንድ ዘዴ አለ፦ በእጅ ያለውን ቁጥር በ16,807 ታባዙታላችሁ፣ ውጤቱን ለ2,147,483,647 ታካፍላላችሁ፣ የሚተርፈውን ትይዛላችሁ። ከ1 ከተነሳችሁ ቀጣዩ 16,807 ነው፣ ከዚያ 282,475,249፣ ከዚያ 1,622,650,073 እያለ ይሄዳል። አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነና 16,807 ተመርጦ የገባ ስለሆነ፣ ሰንሰለቱ 2,147,483,646ቱንም ቁጥሮች አንድ በአንድ ነክቶ ሳይጨርስ ወደ መነሻው አይመለስም። እዚህ ላይ ኦይለር የሠራው ሥራ ዋጋ አለው። (ይህ ዘዴ ለይለፍ ቃልና ለሎተሪ ዕጣ ግን አይሆንም፤ አንዱን ቁጥር ያየ ሰው ቀጣዩን ያሰላዋል።)

ጥር 11 ቀን 2030

አሁን ወደ ቀኑ። ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓትና ከእሱ በወጡት ዘንድ ጊዜ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚባል ነገር ውስጡ የለም። መነሻው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከዚያ ጀምሮ ሰከንዱ ያለማቋረጥ እየተደመረ ነው። ይህ ድምር በ32 ቢት ቦታ ከተቀመጠ 2,147,483,647 ላይ ይሞላል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አዎ፣ የጥምቀት ጠዋት ነው፤ ሕዝቡ ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ባለበት ሰዓት።

ግን በዚህ ውስጥ ትንቢት የለም። የፈረንጆቹ ጥር 19 ከአራት ዓመት ሦስቱን ጥር 11 ላይ ይውላል፤ በአራተኛው አንድ ቀን ይዛነፋል። መነሻ ቀኑን አሜሪካ ያሉ መሐንዲሶች ለሥራ እንዲመቻቸው መረጡት፤ ቢቶቹ 31 ሆኑ፤ ድምሩ እዚህ ላይ አረፈ። በዓሉ ከሒሳቡ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሃይማኖትንም ሒሳብንም የሚያከብር ሰው ሁለቱን ባያደባልቅ ይሻላል።

ያልተስተካከለው ኮምፒውተር ከዚያች ሰከንድ ቀጥሎ የሚያሳየው ጊዜ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1901 ነው። በእኛ ሰዓት ስናሰላው ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45። የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ደርሶ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ማሽኑ ከተማዋ ገና ከመኖሯ በፊት ያለ ቀን ያሳያል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንደኛው 2038ን በእኛ አቆጣጠር መውሰድ ነው። «ዛሬ 2018 ነው፣ ገና 20 ዓመት አለን» ይባላል። የለንም፤ ወደ 12 ዓመት ነው የቀረው። ሁለተኛው «የራሳችን ካላንደር ያድነናል» የሚለው ነው። የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከሥራቸው ያለውን የሰከንድ ድምር ወይም የፈረንጁን ቀን ወስደው ነው ወደ መስከረምና ጥቅምት የሚቀይሩት። ከሥር ያለው ከተበላሸ ከላይ ያለው የእኛ ቀን አብሮ ይበላሻል።

2030 ሳይደርስ የሚታየው

በእኔ ግምት ከቀኑ በላይ ልንነጋገርበት የሚገባው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም አሁኑኑ አለ።

ስልክ ቁጥርን እንውሰድ። አንድ ልጅ ለሆቴል ወይም ለትምህርት ቤት የመመዝገቢያ ፕሮግራም ሲሠራ «ቁጥር ነው» ብሎ ስልኩን በተራ የ32 ቢት ሙሉ ቁጥር ቦታ ያስቀምጠዋል። በ09 የሚጀምረው ሲገባ ፊት ያለችው 0 ትጠፋለች፤ የቀረው ወደ 900 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ ይገባል። በ251 የሚጀምረው ግን ባለ 12 አኃዝ ነው፣ ከ251 ቢሊዮን በላይ። አይገባም። ዳታቤዙ ቆርጦ የሚያስቀምጥ ዓይነት ከሆነ የዚያ ደንበኛ ስልክ 2147483647 ይሆናል፤ የሚቀጥለውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። በመጨረሻ መቶ ሰዎች በአንድ ስልክ ተመዝግበው ይገኛሉ፤ እውነተኛው ቁጥራቸው ጠፍቷል፣ ተመልሶም አይገኝም። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥርና በ1000 የሚጀምረው ባለ 13 አኃዙ የንግድ ባንክ የሂሳብ ቁጥርም ዕጣቸው ያው ነው። አንድ መዝገብ ውስጥ ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ ካያችሁ ስልክ አይደለም፤ የሞላ ቦታ ምልክት ነው።

ገንዘብም አለ። ጠንቃቃ ፕሮግራመሮች ብርን በሳንቲም ይመዘግባሉ፤ ልማዱ ጥሩ ነው። ቦታው 32 ቢት ከሆነ ግን ከ21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም በላይ አይይዝም። ለትንሽ ሱቅ ይበቃል። ለጫት ላኪ፣ ለሲሚንቶ አከፋፋይ፣ ከጅቡቲ ዕቃ ለሚያስገባ ነጋዴ የዓመት ድምር ግን አይበቃም።

ረጅም ቀጠሮዎችም እንዲሁ። ለ20 ዓመት የሚከፈል የቤት ብድር ከ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ወዲህ የተጀመረ ከሆነ የማብቂያ ቀኑ ያችን የ2030 ጠዋት ያልፋል። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ኤ ኦ ኤል ሰርቨር የሚባል ሶፍትዌር ላይ ደርሷል። አዘጋጆቹ «መቼም አይቋረጥ» ለማለት የጊዜ ገደቡን አንድ ቢሊዮን ሰከንድ አድርገውት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ አሁን ሲደመር አንድ ቢሊዮን ሰከንድ 2038ን አለፈ፤ ድምሩ ከዜሮ በታች ሆነ፣ ሶፍትዌሩም መክሸፍ ጀመረ። ከቀኑ 32 ዓመት ገደማ ቀድሞ።

«ምንም አይሆንም» እና «ሁሉም ይቆማል»

«ምንም አይሆንም» የሚሉት ሰዎች እ.ኤ.አ. 2000ን ያነሳሉ። ያኔም ኮምፒውተሮች ሁሉ ያብዳሉ ተብሎ ነበር፤ ነጋ፣ ሕይወት ቀጠለ። ክርክራቸው ሌላም ጠንካራ መሠረት አለው፦ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ስልክና ላፕቶፕ 64 ቢት ነው። በ64 ቢት የሰከንድ ቆጠራው የሚሞላው ከ292 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ነው። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ለ32 ቢት ማሽኖችም ጭምር ከ2038 በኋላ እንዲሠራ ተደርጎ ተስተካክሏል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 5.6 በሚባለው እትም መልክ ያዘ።

ሁሉም ይቆማል የሚሉትም ከባዶ አልተነሱም። ማሽኑ 64 ቢት ስለሆነ ብቻ ውስጡ ያለው ፕሮግራም አይስተካከልም። የማይ ኤስ ኪው ኤል ታይምስታምፕ የሚባለው የቀን ዓይነት እስከዚያች ጠዋት ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ማሽኑ የፈለገውን ያህል አዲስ ቢሆን። ደግሞም አንዴ ከተገጠሙ በኋላ ሶፍትዌራቸው የማይታደስ መሣሪያዎች አሉ።

እኔ የ2000ውን ምሳሌ እንዳለ አልቀበለውም። ያኔ ምንም ያልሆነው ብዙ ሰው ለዓመታት ፕሮግራም እያገላበጠ ስላስተካከለ ነው፤ ዝም ተብሎ አልታለፈም። ደግሞ የ2000ው ችግር ለዓይን ይታይ ነበር፤ ዓመቱ በሁለት አኃዝ ብቻ ይጻፍ ስለነበር 99 የሚል ዓመት ያየ ሁሉ ይገባዋል። ይሄኛው ተደብቋል፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ራሱ ቦታው ስንት ቢት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። በሌላ በኩል በአንዲት ሰከንድ ሁሉም አብሮ ይወድቃል የሚለው የማይመስል ነገር ነው። ችግሩ ተበታትኖ፣ እዚህ አንድ መዝገብ፣ እዚያ አንድ ማሽን እያለ ነው የሚመጣው። ብዙው ከቀኑ በፊት፣ ጥቂቱ በቀኑ።

ድሬዳዋ ላይ፣ ከዚራም ሳቢያንም ሰፈር የት እንይ?

ትልልቅ ባንኮችና ቴሌኮሞች የራሳቸው ባለሙያ አላቸው፤ ጥያቄው እነሱ ጋ መነሳት ቢኖርበትም እኛ ልንሠራው የምንችለው ሌላ ነው። የሚያሳስበኝ መካከለኛው ነው። ፋርማሲው፣ ፔንሲዮኑ፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ መጋዘኑ። ሶፍትዌሩን አንድ ጎበዝ ልጅ ከዓመታት በፊት ሠርቶ ሰጥቷል፣ ይሠራል፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። ከሱቁ ጣሪያ ሥር ያለው የሴኩሪቲ ካሜራ መቅረጫም እንዲሁ፤ ቀኑ ሲዛባ የትኛው ቀረጻ የየት ቀን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሌብነት ሲያጋጥም ደግሞ የሚፈለገው ቀኑ ነው።

ማስተካከያው ውድ አይደለም። ስልክ፣ የሂሳብ ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር እንደ ጽሑፍ ይቀመጡ፤ ማንም አይደምራቸውም አያባዛቸውም። ብርና ተራ ቁጥር ያለበት ቦታ ወደ 64 ቢት ይስፋ። ማይ ኤስ ኪው ኤል ላይ ታይምስታምፕ የነበረው ዴትታይም ወደሚባለው ይቀየር፤ እሱ እስከ እ.ኤ.አ. 9999 ይይዛል።

ለመፈተሽ ደግሞ የመረጃውን ቅጂ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዳችሁ የዚያን ማሽን ቀን እ.ኤ.አ. ወደ 2040 አድርጉትና አንድ ሽያጭ መዝግቡ። የምትሠሩበትን ማሽን ወይም ስልካችሁን አትንኩ፤ ቀኑ ሲዛባ ኢንተርኔት ላይ ያሉት አገልግሎቶች አንገናኝም ይላሉ፣ የገባው መረጃም ይመሳቀላል። የመዘገባችሁት ሽያጭ 1901 ወይም 1970 የሚል ቀን ይዞ ከወጣ፣ ወይም ፕሮግራሙ ከነጭራሹ አልመዘግብም ካለ፣ ሠሪው ልጅ ስልኩን ሳይቀይር ወይም ከከተማ ሳይወጣ አሁኑኑ ደውሉለት። የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድም (ሠሪው የጻፈውን ዋናውን ጽሑፍ) ጠይቁና እጃችሁ ላይ ይኑር፤ ያለ እሱ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ብዙ ሊያግዛችሁ አይችልም።